ከለጋ እስከ በሳል፦ በዡራ ተራሮች ቺዝ መቅመስን ስንማር

ማክሰኞ፣ ዶል

ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዶል ዱ የሚባለው ወንዝ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ማክሰኞ የገበያ ቀኗ ስለሆነ ሻንጣዬን ሆቴል አስቀምጬ ቀጥታ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወዳለው የገበያ አዳራሽ ሄድኩ።

የመጣሁት ቺዝ መቅመስ ለመማር ነው። አይብ እናውቃለን። ከክትፎ ጋር፣ ከጎመን ጋር፣ ዛሬ ወጥቶ ዛሬ ወይ ነገ የሚበላ ነው። ዓመትና ሁለት ዓመት የቆየ ቺዝ ግን ሌላ ዓለም ነው። አውሮፓ የምንኖር ብዙዎቻችን ሱፐርማርኬት ውስጥ የቺዙ መደርደሪያ ጋ ስንደርስ ግራ ይገባናል። የለመድነውን አንዱን አንስተን እንወጣለን። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በተለይ ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ዡራን የመረጥኩት በኮምቴ ምክንያት ነው። ኮምቴ ከፈረንሳይና ከስዊዘርላንድ ድንበር በፈረንሳይ በኩል ባሉት ተራሮች የሚሠራ ጠንካራ የላም ቺዝ ነው። በፈረንሳይ ስማቸው በሕግ ከተጠበቀላቸው ቺዞች ሁሉ በብዛት የሚመረተው እሱ ነው። ሕጉ የወጣለት በ1958 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።)

የቺዝ መደቡ ጋ ያሉት ሴትዮ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ጀማሪ መሆኔን ነግሬ ከየት ልጀምር ብዬ ጠየቅኳቸው። አሥር ዓይነት ቺዝ አልደረደሩልኝም። አንዱን ኮምቴ ብቻ በሦስት ዕድሜ ቆርጠው ሰጡኝ፤ የ6 ወር፣ የ12 ወር፣ የ24 ወር። «መጀመሪያ አንዱን ሲያድግ እዪው፤ ሌሎቹ አያመልጡሽም» አሉኝ። በዚህ ጉዞ ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ለጀማሪ የሚጠቅመው አንድን ቺዝ በየዕድሜው ማወቅ ነው። አሥር ዓይነት በአንድ ሰሃን ላይ ከቀረበ ምላስ ይደክማል፤ አእምሮም አንዱን ከሌላው ለይቶ አይዝም።

ሆቴል ወስጄ ወዲያው አልቀመስኩትም። ከወረቀቱ ሳላወጣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት አቆየሁት። ቺዝ በፍሪጅ ቅዝቃዜው ሲበላ ግማሽ ጣዕሙ ይቀራል። ጠረኑን ተሸክሞ የሚመጣው ስቡ ነው፤ ስቡ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይጠጥርና ምንም አይለቅም።

ከዚያ ከለጋው ጀመርኩ። ሁልጊዜ ከለጋው ወደ በሳሉ ነው የሚኬደው። ከተገለበጠ የበሳሉ ኃይል ለጋውን ውሃ ያስመስለዋል። መጀመሪያ ቀለሙን አየሁ። ቀጥሎ በጣቴ ጎንበስ አደረግኩት፤ ይታጠፋል ወይስ ይሰበራል? ለሁለት ከሰበርኩት በኋላ የተሰበረውን ቦታ አሸተትኩ፤ ጠረኑ ይበልጥ የሚወጣው ከዚያ ነው። በመጨረሻ አፌ ውስጥ ቀስ ብዬ አላምጬ ከንፈሬን ዘግቼ በአፍንጫዬ ተነፈስኩ። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር አትዝለሏት። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር በዚያች ትንፋሽ ነው የሚመጣው። ምላስ ብቻውን ጨው፣ ኮምጣጣ፣ ጣፋጭ፣ መራራ እና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጣዕም ከመለየት አያልፍም።

የ6 ወሩ ይታጠፋል። ወተት ወተት ይላል፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። የ12 ወሩ ላይ የተቆላ ነገር መጣ። የ24 ወሩ ሲቆረጥ ይፈረካከሳል፤ ጥርስ ስር ደግሞ ትንንሽ ነጫጭ ቅንጣቶች ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ብዙ ሰው ጨው ይመስለዋል። ጨው ሳይሆን ታይሮሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። የወተቱ ፕሮቲን በጊዜ ብዛት ሲፈራርስ ይለቀቅና እየተጠራቀመ ይጠጥራል። ያ መረቅ የሚመስል ጥልቅ ጣዕምም የሚመጣው ከዚሁ መፈራረስ ነው።

ቅቤ ተራ ሄዶ ቅቤ የገዛ ሰው ይህን ሁሉ ለመረዳት አይቸገርም። ሻጯ በስንጥር ጫፍ ታስሸትታለች፤ ገዢው ለጋውን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከበሳሉ በአፍንጫው ይለያል። ለየትኛው ወጥ የቱ እንደሚሆንም ያውቃል። ያንኑ አፍንጫ ነው ወደ ቺዝ ይዘን የምንመጣው።

ረቡዕ፣ አርቧ

ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው። ቺዝ የለም። የጉዞውን ዕቅድ ሳወጣም ይህን ቀን ለእግር ጉዞ ነበር የተውኩት።

ከዶል ሙሻር ላይ ባቡር ቀይሬ አርቧ ገባሁ። አርቧ በወይን እርሻ የተከበበች ከተማ ናት። ሉዊ ፓስተር በ1822 የተወለደው ዶል ቢሆንም ያደገው እዚህ ነው። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር። ወንዙ ዳር ያለው የቤተሰቡ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። በ1863 ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ የፈረንሳይ ወይን በየመንገዱ ለምን እንደሚበላሽ አጥናልኝ ሲለው ፓስተር ምርምሩን እዚህ አርቧ መጥቶ ሠራ። ወይኑን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ብቻ በማሞቅ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን መግደል እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ወተት ካርቶን ላይ የምናነበው «ፓስቸራይዝድ» የሚለው ቃል የዚህ ሰው ስም ነው።

ታዲያ ኮምቴ በሕጉ መሠረት የሚሠራው ከጥሬ ወተት ነው። ወተቱን ፓስቸራይዝ ማድረግ ክልክል ነው። የሜዳው ሳርና የበረቱ ተሕዋስያን ከወተቱ ጋር ገብተው ነው ጣዕሙን የሚያመጡት። ክፉዎቹን ደግሞ ረጅሙ ቆይታ፣ ጨውና አሲዱ ይዞ ያቆማቸዋል። ለስላሳና ውሃ የበዛባቸው የጥሬ ወተት ቺዞች ላይ ግን ይህ መከላከያ ደካማ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ከእነሱ ራቁ። ይህ ቀልድ የለውም።

ማታ ድንችና አትክልት በልቼ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ፖሊኒ

ቤዛንሶን የምትኖረው ጓደኛዬ ሳይነጋ በመኪናዋ መጣች። ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። ፖሊኒ አካባቢ ወዳለ አንድ የወተት ማኅበር ነዳን። ፍሩቲዬር ይሉታል። አንድ ድፍን ኮምቴ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለእሱ ብቻ 400 ሊትር ወተት ይፈልጋል። ጥቂት ላሞች ያሉት ገበሬ ይህን ያህል ወተት ከየት ያመጣል? ለዚህ ነው የዡራ ገበሬዎች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወተታቸውን አንድ ላይ አምጥተው በጋራ የሚሠሩት። ከእኛ ደቦ ጋር በጣም የሚቀራረብ ነገር ነው። በክረምት መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ ቤተሰቡን የሚያኖረውም ያ ድፍን ቺዝ ነበር።

ጎብኚ የሚቆመው ከመስታወት ጀርባ ነው። ትልልቅ የመዳብ ጋኖች ተደርድረዋል። ወተቱ ወደ 32 ዲግሪ ይሞቃል፤ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣው ማርጊያ ይገባበታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲረጋ ሠራተኛው እጁን ሰድዶ የረጋውን ከፍ አደረገና በጣቶቹ መሃል እንዴት እንደሚሰነጠቅ አየ። የሰዓት ቆጣሪ ግድግዳው ላይ አለ። እሱ ግን የሚያምነው እጁን ነው። ከዚያ ባለ ሽቦ ቢላዎቹ ስንዴ ፍሬ እስኪያክል ድረስ ቆራረጡት። ሙቀቱ ከ53 ዲግሪ በላይ ወጣ። እየተማሰለ ቆየና ከአጓቱ ጋር ወደ ቅርጹ ተቀዳ።

የላሞቹ ዘርም በሕግ የተወሰነ ነው። ቀይና ነጭ ቡራቡሬዋ ሞንቤሊያርድ እና የፈረንሳዩ ሲመንታል ብቻ ናቸው የሚፈቀዱት። ለአንዲት ላም ቢያንስ አንድ ሄክታር የሳር መሬት ያስፈልጋል። ታምቆ የተብላላ መኖ ክልክል ነው፤ ወይ እርጥብ ሳር ወይ ድርቆሽ። በበጋ እርጥብ ሳር የበላች ላም ቺዝ ቢጫ ይላል፤ ቀለሙ ከሳሩ ካሮቲን ነው። በክረምት ድርቆሽ የበላችው ቺዝ ነጣ ይላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አንዱ ኮምቴ ቢጫ፣ ሌላው ነጣ ያለ ሆኖ ብታዩ ነጣ ያለውን የተበላሸ አድርጋችሁ አትዩት።

ከሰዓት ፖሊኒ ውስጥ የኮምቴ ቤት የሚባለውን ሙዚየም አየን። ጠረኖቹን በስድስት ቤተሰብ ከፍለዋቸዋል፤ የወተት፣ የፍራፍሬ፣ የተቆላ፣ የዕፅዋት፣ የእንስሳ፣ የቅመም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። «ጥሩ ነው» ከማለት ወጥታችሁ «ከስድስቱ የቱ ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ትጠይቃላችሁ።

ከዚያ አንድ ሱቅ ገብተን የኮምቴን ጎረቤቶች ገዛንና የድፎ ዳቦውን ጨርቅ ዘርግተን መናፈሻ ተቀመጥን። ሞርቢዬ መሃሉን አቋርጦ የሚሄድ ጥቁር መስመር አለው። ዱሮ ገበሬው ለድፍን ኮምቴ የሚበቃ ወተት ሲያጥረው የማታውን የረጋ ወተት የጋኑን ጥላሸት ቀብቶበት ያሳድረዋል፤ ጠዋት የጠዋቱን ይጨምርበታል። መስመሩ የዚያ ማስታወሻ ሆኖ ቀርቷል፤ ዛሬ የሚገባበት ከዕፅዋት የተሠራ ከሰል ነው። ለስላሳና ለዛ ያለው ቺዝ ነው፤ ከድፎው ጋር ከሁሉም በላይ የተስማማው እሱ ነበር።

ብሉ ደ ዤክስ ውስጡ ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት ነው። ጓደኛዬ ሻጋታ ስታይ ፊቷን አጠቆረች። ትንሽ ማር ጠብ አድርጌበት ሰጠኋት። ጨውና መረር ያለ ነገር ከጣፋጭ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይለዝባሉ። «ጨምሪልኝ» አለችኝ። ጠጅ ቢገኝ ከዚህ ቺዝ ጋር ደህና የሚሄድ ይመስለኛል፤ ያው ማር ነውና።

ስለ ማጣመር ካነሳሁ እዚህ ላይ ልጨርሰው። ቀለል ያለ ቺዝ ከቀለል ያለ መጠጥ ጋር፣ ከባዱ ከከባዱ ጋር ይሂድ፤ ያለዚያ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ስብ የበዛበትን ቺዝ ኮምጠጥ ያለ መጠጥ ከአፍ ላይ ያጥበዋል። ቺዝ ሲባል ቀይ ወይን የሚመጣበት ሰው ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። አፍ የሚያደርቅ ቀይ ወይን ከብዙ ቺዞች ጋር ይጋጫል፤ መራራነቱ ይጎላል። ነጭ ወይን ብዙ ጊዜ ይሻላል። አልኮል የማትጠጡ ምንም አይቀርባችሁም። ያልጣፈጠ የአፕል ጭማቂ ከመካከለኛ ኮምቴ ጋር፣ ስኳር የሌለው ሻይ ከበሳሉ ጋር ሞክሩ። ሻይው ሙቅ ስለሆነ ቺዙን አፍ ውስጥ ያቀልጠዋል፤ ጠረኑም ይወጣል።

ዓርብ፣ ሴንት አንቷን

ሌላ የጾም ቀን። ዛሬ ደግሞ የምንሄደው ወደ 100,000 የሚጠጋ ድፍን ቺዝ ወዳለበት ቦታ ነው። «ዓርብ ባይሆን» አለችኝ ጓደኛዬ። የጉብኝት ቦታ ያገኘነው ግን ለዚህ ቀን ብቻ ነበር።

ቦታው የሴንት አንቷን ምሽግ ነው፤ ከባሕር ወለል 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ጫካ ውስጥ ነው። ፈረንሳይ በ1870ው ጦርነት በፕሩሲያ ከተሸነፈች በኋላ ድንበሯን ለመጠበቅ የሠራችው ነው። ድንጋዩን ሠርተው በላዩ ላይ አፈር ስለከመሩበት ከውጭ ኮረብታ ይመስላል። በ1966 ማርሴል ፔቲት የተባለ የቺዝ ነጋዴ ኮምቴ ማብሰያ አደረገው። አፈሩ ውስጡን ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ያደርገዋል። የሰውየው ሐሳብ ቺዙ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይብሰል የሚል ነበር። ሌላው ሰው ሞቅ አድርጎ ቶሎ ያደርስ በነበረበት ጊዜ እሱ መጠበቅን መረጠ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያገኛችሁ አሞኒያ ነው። ዓይን ያቃጥላል። በሳል ቺዝ ሲተነፍስ የሚያወጣው ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለመዳል። ከዚያ ዓይናችሁን ስታነሱ የጥድ ጣውላው መደርደሪያ እስከ ጣሪያ፣ ድፍኑ በድፍኑ ላይ እየሄደ መጨረሻው አይታይም። ማሽኑ በመተላለፊያው እየሄደ አንድ በአንድ ያወጣል፣ ይገለብጣል፣ በጨው ውሃ ያሽና ይመልሳል።

አስጎብኚውን ዛሬ እንደማንቀምስ ነገርነው፤ ምክንያቱንም አስረዳነው። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ዛሬ በአፍንጫችሁ ነው የምትማሩት» አለን። የቺዝ መርማሪዎች የሚይዟትን መሣሪያ አሳየን። በአንድ በኩል ትንሽ መዶሻ፣ በሌላው በኩል ባዶ ቱቦ የመሰለች ናት። በመዶሻው የድፍኑን ፊት ከዳር እስከ ዳር መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። ውስጡ የተሰነጠቀ ወይ ክፍተት ያለበት ከሆነ ድምፁ ይለወጣል። ከዚያ ቱቦውን በጎኑ ሰክቶ አዞረና እርሳስ የምታክል የቺዝ ዘንግ አወጣ። ወዲያው አፍንጫችን ስር አመጣት፤ የመጀመሪያዋ ሽታ ቶሎ ነው የምትጠፋው። ከጫፏ ትንሽ ቆርሶ በጣቶቹ መሃል አሸት አድርጎ እንደገና አስሸተተን። በመጨረሻ የቀረውን ዘንግ መልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተና አፉን በዚያው ቺዝ ለስኖ ደፈነው። ድፍኑ ምንም እንዳልተነካ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሁለት ድፍን አሸተትን፤ አንዱ የበጋ ወተት፣ አንዱ የክረምት። የክረምቱ ላይ ሲነጠር ያለ ቅቤ አገኘሁ። የበጋው ላይ ጓደኛዬ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና በአማርኛ «የገብስ ቆሎ» አለች። ተረጎምኩለት። በየሀገሩ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያሸተው፣ መልሱም ትክክል ነው አለን። አፌ ውስጥ ምንም ስላልነበረ ይመስለኛል፣ ያን ቀን ያሸተትኩትን እስካሁን አልረሳሁትም። ጾም ባትሆኑም ቺዝ ስትገዙ አንድ ጊዜ ከመቅመስ በፊት ለረጅም ጊዜ ማሽተትን ብቻ ሞክሩ።

ለሽያጭ ሲደርስ እያንዳንዱ ኮምቴ ከ20 ነጥብ ይሰጠዋል። 14ና ከዚያ በላይ ያገኘ አረንጓዴ ማሰሪያ፣ 12 አግኝቶ 14 ያልደረሰው ቡናማ ማሰሪያ ይደረግለታል። ከ12 በታች ያገኘ ኮምቴ ተብሎ አይሸጥም። ስንወጣ አስጎብኚው ለቀማሽ የሚሰጠውን ቁራሽ ለነገ ብሎ በወረቀት ጠቀለለልን።

ቅዳሜ፣ ሎን ለ ሶኒዬና ሻቶ ሻሎን

ጠዋት ሎን ለ ሶኒዬ አጭር ቆይታ አደረግን። ጆሮዋ ላይ ጉትቻ ያደረገችው የምትስቀዋ ቀይ ላም፣ የላ ቫሽ ኪ ሪ ቺዝ ምልክት፣ የተወለደችው እዚህ ነው። ሊዮን ቤል የንግድ ምልክቷን ያስመዘገበው በ1921 ነው። ከዱባይና ከቤሩት በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ ስንቴ አግኝተናታል። ያቺ በብር ወረቀት የተጠቀለለች ባለ ሦስት ማዕዘን ቺዝ የኮምቴ ዘመድ መሆኗን ስንቶቻችን እናውቃለን? መነሻዋ በዚህ አካባቢ ያሉ ጠንካራ ቺዞችን ማቅለጥ ነበር። ሙዚየሟ ልጅ ላለው ሰው ጥሩ ነው።

ሻቶ ሻሎን ግን ቀኑን ሙሉ ይገባታል። ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት፤ ከሥሯ ቁልቁል ወይን ብቻ ነው። እዚህ የሚሠራው ቫን ዦን፣ ቢጫው ወይን ይባላል። ሳቫኛን ከሚባል ነጭ ወይን ፍሬ ይሠራና በርሜል ውስጥ ስድስት ዓመት ያህል ሳይነካ ይቀመጣል። የጎደለውን ማንም አይሞላውም። በላዩ ላይ የእርሾ ሽፋን ይሠራና ከአየር ይጋርደዋል። ከአንድ ሊትር የሚተርፈው 62 ሴንቲሊትር ነው ይባላል፤ ጠርሙሱም ልክ ያንኑ ይይዛል። ዘመኑ ጥሩ ካልሆነ የመንደሩ ወይን ሠሪዎች በስሙ አንሸጥም ይላሉ። በ1974፣ በ1980፣ በ1984 እና በ2001 እንዲሁ አድርገዋል።

አንድ ወይን ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ወይኑ ቀድሞ ተከፍቶ የቆየ ነው፤ በጣም አይቀዘቅዝም። ከትናንት የተጠቀለለውን ኮምቴ አወጣን። ጓደኛዬ ብርጭቆውን አፍንጫዋ ጋ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ አብሽ ነው!»

እኔም አሸተትኩ። አብሽ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። የእናቴ ቅቤ ሲነጠር ቤቱን የሚሞላው ሽታ። ቤቱን የሚያስተናግደው ሰው ስንነግረው አልገረመውም። ሶቶሎን የሚባል ንጥረ ነገር በቫን ዦን ውስጥ አለ፤ ለአብሽ ያን ሽታውን የሚሰጠውም እሱ ነው። ፈረንሳዮች ዋልነትና ካሪ ይሉታል። እኛ ደግሞ በቀጥታ በስሙ እናውቀዋለን።

ትንሽ ኮምቴ አላመጥኩ፣ ከመዋጤ በፊት ትንሽ ወይን ጨመርኩ። የቺዙ የተቆላ ጣዕምና የወይኑ አብሽ ተያያዙ። ወይኑ ብቻውን ሲጠጣ ኮምጣጣና ደረቅ ነው፤ ብዙ ሰው በመጀመሪያ ጉንጭ አይወደውም። ቺዙ ሲገባ ለሰለሰ። ቺዙም ከጠፋ በኋላ ጣዕሙ አፍ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆየ። በለጋ ኮምቴም ሞከርነው። አልሆነም፤ ወይኑ ዋጠው። ከ18 ወር በላይ የሆነ ያስፈልጋል።

እሑድ፣ ወደ ፓሪስ

ከመነሳቴ በፊት ለቤት ገዛሁ። ለሚቀጥለው ሳምንት እንግዶቼ በሳል ኮምቴ፣ ሞርቢዬ እና አንድ ሞን ዶር። ሞን ዶር በጥድ ልጥ ታስሮ በእንጨት ሳጥን የሚሸጥ፣ በማንኪያ የሚበላ ለስላሳ ቺዝ ነው። ከመስከረም እስከ ግንቦት ብቻ ነው የሚገኘው። መሃሉን ከፍቶ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ነጭ ወይን ጨምሮ ከነሳጥኑ ምድጃ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ በተቀቀለ ድንች ላይ ማፍሰስ ነው። ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለች ለእሷ ኮምቴው ይቀመጥላት።

ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ከሆነ ለአንድ ሰው ከ60 እስከ 80 ግራም ይበቃል። ስትቆርጡ ከመሃል ወደ ቅርፊቱ ቁረጡ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ከልቡም ከዳሩም ይድረሰው። የኮምቴን ቅርፊት አትብሉት፤ ሾርባ ውስጥ ጣሉት፣ መረቁን ያጣፍጠዋል። የተረፈውን በፕላስቲክ አታፍኑት። በሱቁ ወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጁ ውስጥ አትክልት ማስቀመጫው ላይ አድርጉት፤ እዚያ እርጥበቱ ይሻላል። ሩቅ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ግን ሻጩ አየሩን አውጥቶ እንዲያሽግላችሁ ጠይቁ። ቤት ስትደርሱ ከፍታችሁ በወረቀት ቀይሩት።